ከመቶ 1.39፤ በብሪታንያ ስለ ትንንሽ የቤት እንስሳት ማደንዘዣ የተደረገው ቆጠራ ሲመረመር

በ2008 «ቬተሪነሪ አኔስቴዥያ ኤንድ አናልጄዥያ» በሚባለው የእንስሳት ማደንዘዣ ሕክምና መጽሔት ላይ ዴቪድ ብሮድቤልትና ባልደረቦቻቸው አንድ ቆጠራ አሳተሙ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ የምናስቀምጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ቆጠራው ከጁን 2002 እስከ ጁን 2004 በብሪታንያ 117 የእንስሳት ክሊኒኮች ማደንዘዣ ወይም ማረጋጊያ መድኃኒት የተሰጣቸውን ውሾች፥ ድመቶች፥ ጥንቸሎችና ሌሎች ትንንሽ የቤት እንስሳት እየመዘገበ፥ ከእነዚህም መካከል መድኃኒቱ በሰውነታቸው ሳለ ወይም ሥራው ካበቃ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱትን ለይቶ ያስቀመጠ ነው። ክሊኒኮቹ ስማቸው እንዳይገለጽ ቃል ስለ ተገባላቸው ምርመራው «ምስጢራዊ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ይህም ብልህነት ነው፤ ሐኪም የሞተበትን እንስሳ በስሙ አስመዝግብ ቢባል ብዙ ሞት ሳይመዘገብ በቀረ ነበርና።

ከዚያ አስቀድሞ በዚያው አገር ከ1984 እስከ 1986 በክላርክና በሆል የተደረገ፥ በ1990 የታተመ ሌላ ምርመራ ነበር። እሱም ከ679 ጤናማ ውሾች አንዱ፥ ከ552 ጤናማ ድመቶች አንዷ በማደንዘዣ ምክንያት እንደሚሞቱ ገልጾ ነበር። አዲሱ ቆጠራ በስፋቱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። 98,036 ውሾች ተመዝግበው 163 ሞቱ፤ 79,178 ድመቶች ተመዝግበው 189 ሞቱ፤ 8,209 ጥንቸሎች ተመዝግበው 114 ሞቱ። በመቶ ሲሰላ ውሻ 0.17፥ ድመት 0.24፥ ጥንቸል 1.39 ይሆናል። ከዚያ በታች የተዘረዘሩት ትንንሾቹ ናቸው፤ ጊኒ ፒግ 3.80፥ ሃምስተር 3.66፥ ቺንቺላ 3.29፥ አይጥ 2.01፥ ባጅሪጋር የምትባለው ትንሽ በቀቀን ደግሞ 16.33።

ይህን ሥራ ያለ አድናቆት ማለፍ አይገባም። ከዚህ በፊት ጥንቸል በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ ብትሞት ሞቷ የባለቤቷ ሐዘንና የሐኪሙ ትዝታ ሆኖ ይቀር ነበር እንጂ ከሌላ ክሊኒክ ሞት ጋር ተደምሮ የሚታይበት ወረቀት አልነበረም። ቆጣሪዎቹ ያልተቆጠረውን ቆጠሩ። የእኛ ክርክር ከቁጥሩ ጋር አይደለም፤ ቁጥሩ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ከተሰጠው ትርጓሜ ጋር ነው። በከፊልም ለዚያ ትርጓሜ በር ከከፈተው ከሠንጠረዡ አሠራር ጋር ነው።

ትርጓሜው የታወቀ ነው። ጥንቸል ማደንዘዣ አይስማማትም፤ ትንሽ ናት፥ ደንጋጣ ናት፥ ልቧ ቶሎ ይቆማል፤ ስለዚህ መሞቷ ከተፈጥሮዋ የመጣ ነው ይባላል። «ከመቶ 1.39» የሚለው ቁጥር ለዚህ አባባል ማኅተም ሆኗል። ባለቤት ጥንቸሉን ይዞ ሲመጣ ቁጥሩ ይነገረዋል፤ ጥንቸሏ የሞተች እንደ ሆነም ያው ቁጥር ማጽናኛ ሆኖ ይቀርብለታል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ሞቱ አስቀድሞ የተጠበቀለት እንስሳ ለምን ሞተ ብሎ የሚጠይቅለት አያገኝም። በሌላ በኩል ደግሞ ቁጥሩን የሰማ ባለቤት ፈርቶ ቀዶ ጥገናውን ይተዋል። ሴት ጥንቸል ግን ዕድሜዋ የገፋ እንደ ሆነ በማሕፀን ካንሰር የመያዝ አደጋዋ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ፥ ማሕፀኗን በወጣትነቷ ማስወጣት ሕይወቷን የሚያድን ሥራ ነው። ጥርሷ ያለ ልክ አድጎ ምላሷንና ጉንጯን የሚወጋት ጥንቸልም ያለ ማደንዘዣ ልትታከም አትችልም። እንግዲህ ቁጥሩ በስሕተት ሲነበብ በሁለት በኩል ይገድላል ማለት ነው፤ አንደኛው የሐኪሙን ትጋት በማላላት፥ ሁለተኛው ባለቤቱን ከሕክምና በማሸሽ።

«በተፈጥሮዋ ነው» የሚለውን አባባል ለመፈተን ከሠንጠረዡ መውጣት አያስፈልግም። አንባቢዎች ብዙ ጊዜ ሳያዩት የሚያልፉት አንድ መስመር እዚያው አለ፤ እሱም የፌሬት መስመር ነው። ፌሬት ቅርጹ ሙጭልጭላ የሚመስል፥ ረዘምና ቀጠን ያለ፥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ እምብዛም የማይርቅ ሥጋ በል የቤት እንስሳ ነው። በቆጠራው 601 ፌሬቶች ተመዝግበው የሞቱት 2 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 0.33 መሆኑ ነው። ይህ ከድመት ቁጥር ብዙ አይርቅም። ነገሩ የሰውነት ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ጥንቸሎች የሚያንሰው ፌሬት ከጥንቸል የባሰ መሞት ነበረበት። ሐኪሙ እንስሳውን ስለማይለምደው ነው እንዳንል ደግሞ 601 ለ117 ክሊኒክ ሲካፈል በቆጠራው ዘመን ሁሉ ለአንድ ክሊኒክ በአማካይ 5 ፌሬት ብቻ ይደርሰዋል፤ ጥንቸል ግን 70 ያህል። ከጥንቸሏ ይልቅ ያልተለመደው ፌሬቱ ነበር።

የ2 ሞት ነገር ትንሽ ቁጥር ስለ ሆነ በዚህ ላይ ክርክር መሥራት አይገባም የሚለን ይኖራል። ተቃውሞው መልካም ነው፤ ነገር ግን የሞቱት ፌሬቶች እጥፍ ሆነው 4 ቢሆኑ እንኳ ከመቶ 0.67 ነው፤ ይህም የጥንቸል ግማሽ አይሞላም። ወደ ክሊኒክ የሚመጡት ፌሬቶች ወጣቶችና ጤናማዎች ስለ ነበሩ ይሆናል ለሚለንም፥ ጤናማ የተባሉት ጥንቸሎች ብቻቸውን ተነጥለው ሲቆጠሩ ሞታቸው 0.73 ነው፤ የፌሬቶች ሁሉ ቁጥር እጥፍ ይበልጣል ብለን እንመልሳለን።

ታዲያ ፌሬትን ያዳነው ምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን ፌሬት በአካሉ አሠራር ድመትን ስለሚመስል፥ ለድመት የተለመደው ወግ ሁሉ ሳይለወጥ ስለሚያገለግለው ነው። ሥጋ በል ነው፤ ያስመልሰዋል፤ ለአጭር ጊዜ መጾምን ይችላል፤ ለድመት የሚሆነው አስተሳሰብ ይሆነዋል። የድመት ሐኪም ፌሬት አይቶ የማያውቅ ቢሆን እንኳ እጁ ያውቀዋል። ጥንቸልን ግን እጁ አያውቃትም፤ ይባስ ብሎ የሚያውቃት ይመስለዋል። በክሊኒኮቹ አነጋገር ጥንቸል «ባዕድ እንስሳ» ከሚባሉት ወገን ትቈጠራለች። በብሪታንያ ሜዳ ላይ ስትራባ ብዙ መቶ ዓመታት ያስቈጠረች፥ በየቤቱ ከውሻና ከድመት ቀጥሎ የምትገኝ እንስሳ ባዕድ መባሏ ይገርማል። ቃሉ ስለ ሐኪሞቹ ትምህርት የሚነግረን ስለ እንስሳዋ ከሚነግረን ይልቃል።

የወጉን ነገር በዝርዝር እንመልከት። ውሻና ድመት ከማደንዘዣ በፊት ይጾማሉ፤ ምክንያቱም ሲደነዝዙ ካስመለሳቸው ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል። ጥንቸል ግን ማስመለስ አትችልም፤ የሆድ ዕቃዋ አሠራር አይፈቅድላትም። አንጀቷ ቀንና ሌሊት መንቀሳቀስ ያለበት፥ ከታላቁ አንጀት ራስ ላይ ባለው ሰፊ ከረጢት ውስጥ ሣርን እያብላላ የሚኖር ነው። ምግብ ሲቋረጥ እንቅስቃሴው ይደክማል፤ ሲደክም ጋዝ ይሞላል፤ ጋዙ ያሳምማታል፤ ሕመሙ ደግሞ መብላትን ይከለክላታል። እንግዲህ «ከማታ ጀምሮ ምንም አታብሏት» የሚለው ትእዛዝ ለውሻ መዳኛ ሲሆን ለጥንቸል የሕመሟ መጀመሪያ ነው።

ሁለተኛው አትሮፒን ነው። ልብ ሲዘገይ የሚሰጠው ይህ መድኃኒት በብዙ ጥንቸሎች ደም ውስጥ ባለ ኤንዛይም ቶሎ ይፈርሳል፤ ቤላዶና የምትባለውን መርዘኛ ቅጠል በልተው ደኅና የሚሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። በውሻ የለመደውን መጠን ሰጥቶ ልቧ ለምን እንዳልፈጠነ የሚገረም ሐኪም መድኃኒቱ ሳይሠራ መፍረሱን አላወቀም ማለት ነው።

ሦስተኛው ጭንብል ነው። በአይሶፍሉሬን ጋዝ ለማደንዘዝ ጭንብል በአፍንጫዋ ላይ ሲደረግባት ጥንቸል ሽታውን ጠልታ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ፖል ፍሌክኔልና ባልደረቦቻቸው በ1999 ባሳተሙት ሥራ ይህ መያዝ ልብን እስከ ማዘግየት እንደሚደርስ አሳይተዋል። ትንፋሿን ይዛ ጸጥ ያለችው ጥንቸል የደነዘዘች ትመስላለች። ከዚያ በኋላ በድንገት በረዥሙ ስትስብ የምትስበው ጋዙን በብዛት ነው። አፏ ጠባብ፥ ምላሷ ወፍራም በመሆኑም የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ከድመት ይልቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያለ ቱቦ ትሠራለች፤ ችግር በመጣ ጊዜም ወደ ሳንባዋ ኦክሲጅን ለመንፋት መንገድ አይገኝም።

የማስታገሻውም ነገር እንዲሁ ነው። ሜሎክሲካም የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ለጥንቸል የሚመከረው መጠን በየኪሎው ከውሻው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከውሻው ሠንጠረዥ ገልብጦ የሚሰጣት ሐኪም በወረቀቱ ላይ «ማስታገሻ ተሰጥቷል» ብሎ ይጽፋል፥ ጥንቸሏ ግን በሕመም ትቀመጣለች።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ተማሪ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ዛይላዚን የሚባለውን ማረጋጊያ የተማረ ሁሉ፥ በሬ ከፈረስ ይልቅ ለዚህ መድኃኒት እጅግ ስለሚደነግጥ የሚሰጠው መጠን በየኪሎው የፈረሱ ዐሥረኛ ያህል መሆኑን ያውቃል። የፈረሱን መጠን ለበሬ ሰጥቶ በሬው ወድቆ ቢቀር «በሬ በተፈጥሮው ደካማ ነው» የሚል መምህር የለም፤ ተማሪው ነው የሚወቀሰው። በጥንቸልና በጊኒ ፒግ ላይ ግን ይህ ወቀሳ ይቀራል። በእኛ ዘንድ እነዚህ ትንንሽ እንስሳት የሚገኙት ከቤት ይልቅ በመድኃኒት ቅመማና በሕክምና ቤተ ሙከራዎች በመሆኑ፥ አንዱ ቢሞት ሌላ ይተካል፤ የተተካውም ስለ ሞተው አይናገርም።

ወደ ሠንጠረዡ እንመለስ። ቆጠራው እንስሳቱን ጤናማና ሕመምተኛ ብሎ በሁለት ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ሐኪሙ ከማደንዘዣው በፊት በሰጠው ደረጃ ነው። ጤናማ ከተባሉት ከ1,849 ውሾች አንዱ፥ ከ895 ድመቶች አንዷ፥ ከ137 ጥንቸሎች አንዷ ሞቱ። ሕመምተኛ ከተባሉት ደግሞ ውሻ ከመቶ 1.33፥ ድመት 1.40፥ ጥንቸል 7.37 ሞተ። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር እናገኛለን። በውሻ ዘንድ ሕመምተኛው ከጤናማው 25 እጥፍ ያህል ይሞታል፤ በጥንቸል ዘንድ ግን 10 እጥፍ ብቻ። «ጤናማ» የሚለው ቃል ውሾችን በደንብ ሲለያቸው ጥንቸሎችን በደንብ አልለያቸውም።

ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ውሻ ሲታመም ያነክሳል፥ ይጮኻል፥ አልበላም ይላል፤ ባለቤቱም አብሮት ስለሚውል ያያል። ጥንቸል አዳኝ ያላት እንስሳ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች። ፓስቱሬላ የሚባለው ተሕዋስ ሳንባዋን ሳይሰማ በልቶት ሊሆን ይችላል፤ የኋላ ጥርሷ ሥር ወደ መንጋጋዋ አጥንት ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ግን በሣጥኗ ጥግ ተቀምጣ ዐይኗን ታፈጣለች። ሐኪሙ ያያት ለዐሥር ደቂቃ ነው፤ ያውም ፈርታ። ስለዚህ በ«ጤናማ» መስመር ከተጻፉት ጥንቸሎች መካከል ጥቂት የማይባሉት ሕመምተኞች ነበሩ ብሎ ማሰብ የሚገባ ነው። ይህ እውነት ከሆነ 0.73 የሚለው ቁጥር የጤናማ ጥንቸል ሞት አይደለም፤ በደንብ ያልተመረመረች ጥንቸል ሞት ነው። ቆጣሪዎቹ አንዱን መለኪያ ለሦስቱም ወገን ሲጠቀሙ ይህን ማስጠንቀቂያ በቁጥሩ ጎን በትልቁ ቢጽፉት እንወድ ነበር።

ከጥንቸል በታች ባሉት መስመሮች ላይ የምንለው አጭር ነው። የባጅሪጋር 16.33 በሰው ሁሉ አፍ ይጠቀሳል፤ የተቆጠሩት ወፎች ግን 49፥ የሞቱት 8 ናቸው። አንዲት ወፍ ብትተርፍ ኖሮ ቁጥሩ ወደ 14.29 ይወርድ ነበር። በእንዲህ ያለ ቆጠራ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኀዝ መጻፍ የሌለ ትክክለኛነትን መስጠት ነው፤ «ከ49 ወፎች 8 ሞቱ» ማለት ይበቃ ነበር። 127 በቀቀኖች ተቆጥረው 5 መሞታቸውም እንደዚያው ነው። «ተሳቢዎች» በሚለው መስመር ደግሞ እባብ፥ ኤሊና እንሽላሊት በአንድ ከረጢት ገብተው 134 ሆነዋል፤ በጎችንና ጅቦችን አንድ ላይ ቆጥሮ አማካይ እንደ ማውጣት ነው። ይህን ስንል ግን የወፏ አደጋ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ባጅሪጋር ክብደቷ 40 ግራም ቢሆን ደሟ ከክብደቷ ዐሥረኛ፥ ማለት 4 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በጋዝ ጨርቅ ላይ የምትታይ ትንሽ የደም ነጠብጣብ ለእሷ ብዙ ናት። ወፍ እንደ እኛ ደረትንና ሆድን የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሌላት፥ የምትተነፍሰው የደረቷን አጥንት ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው። ረዳቱ አጥብቆ ለመያዝ ብሎ ጣቱን ደረቷ ላይ ቢያሳርፍ ማንም ሳያውቅ ትታፈናለች፤ ከዚያም «ማደንዘዣው ገደላት» ተብሎ ይጻፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ከዚህ ቆጠራ ውስጥ እጅግ የሚጠቅመው፥ ነገር ግን ከ1.39 ይልቅ እጅግ ያነሰ የተጠቀሰው ቁጥር ሌላ ነው። ከሞቱት ጥንቸሎች ከመቶው 64 የሞቱት ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ነው። በድመት 61፥ በውሻ 47 ናቸው። ከሞቱት ጥንቸሎች ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ የሞታቸው ምክንያት ሳይታወቅ ቀርቷል።

እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድነት ሲነበቡ ምን ይላሉ? ሐኪሙ፥ ረዳቱ፥ መሣሪያው፥ ኦክሲጅኑ፥ የልብ ምት ቆጣሪው ሁሉ በጥንቸሏ ዙሪያ በተሰበሰቡበት ሰዓት የሞቱት ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙዎቹ የሞቱት ሁሉም እጁን ታጥቦ፥ ጓንቱን ጥሎ፥ ወደሚቀጥለው ሥራ ከሄደ በኋላ ነው። ምክንያታቸው ያልታወቀውም ምክንያት ስላልነበረ አይደለም፤ ሲሞቱ ያያቸው ስላልነበረ ነው ብለን እናምናለን። ሬሳቸው ተከፍቶ የሚታየውም ጥቂት ነው፤ ለሞተች ጥንቸል የበድን ምርመራ ክፈል ቢባል እሺ የሚል ባለቤት ብዙ አይደለምና።

ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለውን ሰዓት እንከተለው። ጥንቸሏ ሆዷ ተላጭቷል፤ በአልኮል ታጥቧል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀዝቃዛ ጋዝ ስትተነፍስ ቆይታለች። ትንሽ ሰውነት ከትልቅ ይልቅ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ቆዳው ሰፊ ነውና። የቀዘቀዘ እንስሳ መድኃኒቱን ከሰውነቱ ለማስወጣት ይዘገያል፤ ስለዚህ መንቃቷ ይረዝማል። ብዙ ጊዜ የምትነቃው ከውሾች ጋር በአንድ ክፍል ነው። ውሻው ይጮኻል፤ የድመት ሽታ ይሸታታል። የምትነቃበት ዓለም አዳኞቿ የሞሉበት ነው፤ ስለዚህ እንዳትታይ ዝም ትላለች። አላፊው ረዳት በሽቦው መካከል አይቶ «ተኝታለች፥ ደኅና ናት» ብሎ ያልፋል። ውሻ ዝም ሲል ተሽሎታል ማለት ነው። ጥንቸል ዝም ስትል ግን ወይ ታማለች፥ ወይ ፈርታለች፥ ወይ እየሞተች ነው።

እኛ በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ጓሮ ጥንቸል ይረባ ነበር። የሚጠብቋቸው አዛውንት ጠዋት መጥተው መጀመሪያ የሚያዩት ጥንቸሎቹን አልነበረም፤ ከሣጥኑ በታች የወደቀውን በጠጥ ነበር። በጠጡ ያነሰበትን ወይም የደቀቀበትን ሣጥን ለይተው ያችን ጥንቸል ያወጡ ነበር። ስለ አንጀት እንቅስቃሴ አንዳች መጽሐፍ አላነበቡም። በብዙ ክሊኒክ መዝገብ ላይ ትንፋሽና የልብ ምት የሚጻፍበት መስመር ሲኖር፥ ከቀዶ ጥገና በኋላ ጥንቸሏ የመጀመሪያውን ሣር የበላችበትና የመጀመሪያውን በጠጥ የጣለችበት ሰዓት የሚጻፍበት መስመር አለመኖሩን ስናስብ እኒህ ሰው ይታወሱናል።

እዚህ ላይ ስለ 48 ሰዓቱ ወሰን መናገር ይገባል። ወሰን ማበጀት ለማንኛውም ቆጠራ የግድ ነው፤ ለውሻና ለድመትም ይህ ወሰን ይስማማል፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ከሞቱት መካከል ግማሽ ያህሉ የሞቱት በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ ነውና። ጥንቸል ግን በሌላ መንገድም ትሞታለች። ሰኞ ተሠርታ ማታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ማክሰኞ አትበላም፤ ረቡዕ አንጀቷ ይቆማል፥ ጉበቷ በስብ መሞላት ይጀምራል፤ ሐሙስ ወይም ዓርብ ትሞታለች። ይህች ጥንቸል በቆጠራው ከዳኑት ወገን ተጽፋለች። ኤሊና እባብም ሰውነታቸው ሥራውን የሚያካሂደው በአካባቢው ሙቀት ልክ ስለሆነ፥ መድኃኒቱም ሕመሙም በእነሱ ዘንድ በዝግታ ነው የሚሄደው፤ ለእነሱ 48 ሰዓት ገና መጀመሪያው ነው። ስለዚህ «ቁጥሩ ጥንቸልን ከልክ በላይ ያስፈራል» ለሚሉም፥ በዚህ በኩል ከልክ በታች ሊሆን እንደሚችል እናስታውሳለን። መለኪያው በድመትና በውሻ ልክ የተሰፋ ነው፤ እንደ ሕክምናው ሁሉ።

ቆጠራው ከተደረገ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከምርመራው መሠረቶች አንዱ የነበረው፥ በኒውማርኬት የሚገኘው የአኒማል ሄልዝ ትረስትም በ2020 ተዘግቷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ ተለውጧል። ለጥንቸል ጉሮሮ ተብሎ የተሠራ፥ ሳይገፋ የሚቀመጥ የመተንፈሻ መሣሪያ መጥቷል። በ2012 ደግሞ የጥንቸልን ሕመም ከፊቷ የሚነበብበት መለኪያ ታትሟል፤ ጆሯቸው በንቅሳት ምልክት የሚደረግባቸውን ጥንቸሎች በማየት የተሠራ ሲሆን፥ የዐይን መጨፈን፥ የጉንጭ መጉደል፥ የአፍንጫ ቅርጽ፥ የጺምና የጆሮ አቀማመጥ ይመዘናሉ። «ጥንቸል ሕመሟን አትናገርም» የሚለው አባባል ከዚያ ወዲህ ምክንያት መሆን አይችልም፤ የምትናገርበት ፊደል ተገኝቷልና፥ የቀረው ማንበብ ነው። እንዲህም ሆኖ 1.39 እንደ ዛሬ እውነት አሁንም በየመጽሐፉ ይገለበጣል።

ብሮድቤልትና ባልደረቦቻቸው በ2007 ስለ ድመቶች ለብቻ ባሳተሙት ጽሑፍ፥ የደም ኦክሲጅንና የልብ ምት እየተለካ የተሠሩት ድመቶች ከሌሎቹ ያነሰ መሞታቸውን አሳይተዋል። ይህ ከሠንጠረዥ ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው፤ እየታየ ያለ እንስሳ ያነሰ ይሞታል ማለት ነውና። እንግዲህ ለጥንቸልና ለጊኒ ፒግ የሚደረገው ቀጣዩ ቆጠራ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ እንዲሆን እንወዳለን። የትኛው መድኃኒት ተሰጠ ከሚለው ጎን፥ ከማደንዘዣው በፊት ጾማ ነበርን? ጥርሷና ሳንባዋ ታይቷልን? ስትነቃ ሙቀቷ ስንት ነበር? የነቃችው ከውሾች ጋር ነው ወይስ በተለየ ክፍል? በአጠገቧ ማን ተቀምጦ ነበር፥ ለስንት ደቂቃ? ያልበላች እንደ ሆነ የተፈጨ ድርቆሽ በውኃ ተበጥብጦ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ተሰጥቷታልን? ከ48 ሰዓት በኋላስ፥ በሰባተኛው ቀን ባለቤቷ ተጠይቋልን? እነዚህ መስመሮች በወረቀቱ ላይ ቢጨመሩ ብዙ ቀለም አይፈጁም፤ ለመጀመሪያው በጠጥ ሰዓትም አንድ ጠባብ ዓምድ ይበቃል።